ውሃ የማትጠግበው ኮሮላ

አንዲት ውሃ የማትጠግብ ኮሮላ ነበረች። ዲኤክስ የምንላት፣ ማዕዘን ማዕዘኗ የወጣ፣ ገና ከሩቅ በሞተር ድምፅዋ የምትለይ። ባለቤቷ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሴት ልጃቸው ኮምቦልቻ አግብታለች። እሳቸውም የልጅ ልጅ ናፍቆት በጠናባቸው ቁጥር ጣርማ በርን ይወርዳሉ፤ ናፍቆታቸውን ሲወጡ ደግሞ ጣርማ በርን ይወጣሉ። መውረዱ ሰላም ነው። ጉዱ መውጣቱ ላይ ነው።

መንገዱን የማታውቁት ካላችሁ እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ። ከዚያ ተነስቶ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ደግሞ ጠመዝማዛውን ይዞ ጣሊያን እስከፈለፈለው ዋሻ ድረስ። ዋሻው ጋ ሲደርሱ 3,000 ሜትር ታልፏል። ይህ ሁሉ ዳገት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ነው፤ ጭነት ያዘለው ሲኖትራክ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይቀድማችኋል፣ ወይም ትቀድሙታላችሁ። መምህር ታዲያ ዋሻው ሳይታያቸው የሙቀት ጌጁ መርፌ ቀዩን ይነካል፣ በኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ቡን ይላል፣ ዳር ይዘው ይቆማሉ። ሂት አደረገች ማለት ነው።

መንገድ ዳር ኮፈን የከፈተ ሰው መቼም ብቻውን አይቀርም። የከባድ መኪና ሹፌር ይወርዳል፣ የአይሱዙ ረዳት ይጠጋል፣ ከብት ጠባቂው ልጅ እንኳ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ራዲያተሩ አንገቱን ያሰግጋል። ሁሉም ባለሙያ ነው። «አባባ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» ይላል አንዱ። «የለም፣ ቴስታታው ተሰንጥቋል» ይላል ሌላው፤ ቴስታታ የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን በእሱና በሞተሩ ገላ መሃል ያለው ማሸጊያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንቁላል ሰብረው ራዲያተሩ ውስጥ ቢጨምሩ ቀዳዳውን ድፍን እንደሚያደርገው በልጆቹ ስም ይምላል። መምህር ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ሁሉንም ያዳምጣሉ። ሞተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ከኋላ ከጫኑት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ይሞላሉ። ሦስት ሊትር ትጠጣለች። መላ ውሃዋ አምስት ሊትር ገደማ በሆነ ሞተር ሦስት ሊትር ማለት ከግማሽ በላይ ነው፣ ልብ በሉ። ቤት ደርሰው ከሥሯ ሲያዩ ግን ጠብታ የለም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ሳምንቱን ሲነዷትም አትጎድልም። በሚቀጥለው ወር ከኮምቦልቻ ሲመለሱ ያው እንደገና።

እንቁላሉን አልጨመሩም፤ ደግ አደረጉ። እንቁላል የተቀደደውን ካልተቀደደው አይለይም፤ የራዲያተሩን ጠባብ መተላለፊያዎችም አብሮ ይደፍናል። በየሱቁ የሚሸጠውን ማሸጊያ ዱቄትም ብትሉ ጫካ መሃል ጨንቆት ለቀረ ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

መምህር መጀመሪያ የሄዱት አዲስ አበባ ነው፤ አንድ ጋራዥ። እዚያ ያለው ሰው ቴርሞስታቱን ነቅሎ ጣለና «ይህ ለብርድ አገር ነው፣ ለእኛ አያስፈልግም» አላቸው። ይህን ለደብረ ብርሃን ሰው! ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ለሚያድርበት አገር ሰው! ሁለተኛ ሲመለሱ «ቴስታታው ይውረድ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላግ፣ ጓርኒሲዮን ይቀየር» ብሎ ዋጋ ቆረጠላቸው። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ መምህር ግን ሰምተው ኮሮላዋን አስነስተው ወጡ።

በመጨረሻ የመጡት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር፣ ወደ ደሴ መውጫ ካለው ጋራዥ ነው። ረዳቶቹ ጋሼ ይሉታል፤ የቀረነው አለቃ እንለዋለን። እኔ ደጃፉ ካለችው ሻይ ቤት ስለማልጠፋ የሆነውን ሁሉ አየሁ። አለቃ ኮፈኑን አልከፈተም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጠየቅ ያዘ።

«መምህር፣ ውሃው የሚጎድለው ቆማ ስታድር ነው ስትሄድ?»

«ስትሄድ።»

«ሜዳ ላይ ነው ዳገት ላይ?»

«ዳገት ላይ ብቻ።»

«መርፌው ወጥቶ ነው ውሃው የጎደለው፣ ወይስ ውሃው ጎድሎ ነው መርፌው የወጣው?»

መምህር ዝም አሉ። «ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ሲበርድላትስ፣ እዚህ ጎን ያለችው ትርፍ ውሃ መያዣ ፕላስቲክ ባዶ ናት?»

«እሱማ ነው የሚገርመኝ! እሷ እስከ አፏ ሙሉ ናት። የጎደለው ራዲያተሩ ነው።»

አለቃ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው። ምንም አላለም። ቁልፉን ተቀበለና «ዛሬ አልነካትም። እዚህ ትደር፤ ጠዋት በርዳ ነው የማያት» አላቸው። መምህር ቅር ብሏቸው ሄዱ። አንዳንዱ ሰው መካኒክ ወዲያው ቁልፍ ካላነሳ የሠራ አይመስለውም።

ለምን እንደማይነካት ከረዳቶቹ መሃል አንዱ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ከአውራ ጣቱ እስከ ክርኑ ቆዳው ተጨማድዶ የቀረው ልጅ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በጨርቅ ይዞ አሽከርክሮ ነው። ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ ግፊት ስላፈነው ብቻ ነው ሳይፈላ የሚቀመጠው። ክዳኑ ሲለቀቅ ግፊቱ በአንዴ ይወድቃል፣ ውሃው በዚያችው ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ወደ ላይ ይተኮሳል። ጨርቁ አያድንም። ላይኛውን ጎማ ቱቦ በእጅ ጨብጦ ሳያቃጥል የሚያዝ እስኪሆን መጠበቅ፣ ሌላ መላ የለውም።

በማግስቱ ማለዳ መስታወቱ ላይ ውርጭ ነበር። አለቃ የእጅ ባትሪውንና የሴት ቦርሳ ውስጥ የምትገኘውን የምታህል መስታወት ይዞ መጣ። መስታወቷ ዓይን የማይደርስበትን ከኋላ ታሳያለች። የሚፈልገው እርጥብ ቦታ ብቻ አይደለም፤ የደረቀ ምልክትም ነው። የፈሰሰ ኩላንት በጋለ ብረት ላይ ሲደርቅ ነጭ ወይም የራሱን ቀለም የያዘ ቅርፊት ይተዋል፤ ተራ ውሃ ደግሞ የዝገት መስመር። ከላይ ወደ ታች ሄደ፦ ላይኛው ጎማ ቱቦ፣ ታችኛው ጎማ ቱቦ፣ ፋሼታዎቹ፣ የቴርሞስታቱ ቤት፣ ራዲያተሩ የተበየደበት ጠርዝ። ጎማዎቹን እየጨመቀ ስንጥቅ ፈለገ። ቀጥሎ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በተሳፋሪው እግር በኩል ምንጣፉን ገልጦ በመዳፉ ዳሰሰ። የማሞቂያዋ ትንሽዬ ራዲያተር ዳሽቦርዱ ሥር ናት፤ እሷ ስታፈስ ከመኪናው በታች ጠብታ አይታይም፤ ምንጣፍ ይርሳል፣ የፊት መስታወት የሚያዳልጥ ጉም ይለብሳል፣ የመኪናዋ ውስጥ የጣፋጭ ነገር ሽታ ይሸታል። ምንጣፉ ደረቅ ነው።

ያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከራዲያተሩ አንገት በታች፣ ክዳኑ ከሚቀመጥበት ሥር፣ እንደ ዕንባ የወረደ የዝገት መስመር። ጣቱን አስኬደበት፣ ጣቱን አየ፣ አለፈ።

ረዳቱ ግን ሌላ ነገር አገኘ። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ሲገለብጠው ውስጡ ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ክሬም የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። «ጋሼ! ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል! ጓርኒሲዮን ነው!» ብሎ ጮኸ። መምህርም በዚያችው ሰዓት በበሩ እየገቡ ነበር፤ ፊታቸው ጠቆረ።

አለቃ ክዳኑን ተቀብሎ አሸተተው። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና ጫፉን ነጭ ወረቀት ላይ ጠረገው። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ዘይት ጠቆር ያለ፣ ንጹሕ፣ ውሃ ያልነካው ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለው ልጁን። ነገሩ ይህ ነው፦ በብርድ አገር መኪናን ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የነዳት ሰው ሞተሯ በደንብ ሳይግል ያጠፋታል። ሞተሩ ውስጥ የተነነው እርጥበት የሚወጣበት ሙቀት ስለማያገኝ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ያርፋል፣ ከዘይት ጋር ይመታል፣ ክሬም ይሆናል። ቴርሞስታቱ የተነቀለ ሞተር ደግሞ በእንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ጭራሽ አይግልም። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ውሃ ዘይት ውስጥ ቢገባማ ኖሮ ዘንጉ ላይ ያለውም ዘይት ወተት ይመስል ነበር፣ መጠኑም ከፍ ይል ነበር።

ጥርጣሬውን ግን በዚያ አልተወውም። ምክንያት አለው። የዲኤክሷ ሞተር ገላው ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ሂት ባደረገች ቁጥር በሁለቱ መካከል ይፈተጋል። እናም የውሃው መጥፋት መነሻው ሌላ ቢሆን እንኳ፣ በየወሩ እንፋሎት ስትተፋ የኖረች መኪና ጓርኒሲዮኗ ደህና ነው ብሎ ዝም ብሎ ማመን አይቻልም።

አራቱን ካንዴላዎች ፈታና በተራ ደረደራቸው። ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላው በእንፋሎት ታጥቦ ከጓደኞቹ ተለይቶ ይነጣል። አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው። መልሶ አሰራቸው፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፍት አድርጎ ሞተሩን አስነሳና ላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨበጠ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ አንገቱ ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ቢንፈቀፈቅ፣ ከሲሊንደሩ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው፤ ክዳኑ ገጥሞ ቢሆን ኖሮ ጎማውም ሳይግል ይደነድን ነበር። ጥቂት አረፋ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ አለቃ ከውጭ ዘመድ ያመጣለትን የመስታወት ቱቦ ከሳጥኑ አወጣ። ውስጧ ሰማያዊ ፈሳሽ አለባት። የራዲያተሩን ውሃ ትንሽ ቀንሶ ቱቦዋን አንገቱ ላይ ደፋና በላይዋ ያለችውን የጎማ ኳስ እየጨመቀ ከውሃው በላይ ያለውን አየር በፈሳሹ ውስጥ አሳለፈው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይዞራል። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ጠበቅን። ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ፣ እንደ ሰማይ ሰማያዊ።

«እንግዲህ ቴስታታው አይወርድም» አለ አለቃ። መምህር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ቀጥሎ የመጣው የእጅ ፓምፕ ነው፤ የብስክሌት መንፊያ የመሰለ፣ ጌጅ ያለው፣ በራዲያተሩ አንገት ላይ እንደ ክዳን የሚገጥም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ራዲያተሩ ሞልቶ፣ አለቃ ግፊቱን 0.9 ባር ላይ አድርሶ ተወውና «ሻይ እንጠጣ» አለን። ጠጣን። ስንመለስ መርፌዋ ከ0.9 ወደ 0.8 ወርዳለች። ረዳቱ መሬት ላይ ተኝቶ ከሥር ባትሪ ሲያበራ ድምፁ ከበታች መጣ፦ «ጋሼ፣ አሁንስ ተገኘ! የውሃ ፓምፑ ነው!»

እውነትም ፓምፑ ሥር አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ፓምፑ ሥር ሠሪው ራሱ ሆን ብሎ የተዋት ትንሽዬ ቀዳዳ አለች፤ ውስጥ ያለው ማሸጊያ መበላት ሲጀምር ውሃው ወደ ኩሽኔታው ሳይገባ በእሷ በኩል ወጥቶ እንዲናገር። ጠብታዋ ትናገራለች። አለቃም ጎንበስ ብሎ አያት፤ ፋኑን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቀነቀው፤ ትንሽ ላላ ያለ ነው። «ይቀየራል» አለ። «ግን ይህች ጠብታ ሦስት ሊትር አትሆንም።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ነገር የገረመኝ ይህች ንግግር ናት። አብዛኛው ሰው የሚያፈስ ቦታ ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። ፓምፑን ይቀይራል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ባለመኪናው ጣርማ በር ላይ እንደገና ይቆማል። አለቃ ግን ያገኘውን ከጠፋው ጋር አመዛዘነ። ሩብ ሰዓት ጠብቆ አንዲት ጠብታ የሚያወጣ ቀዳዳ፣ በአንድ ዳገት ሦስት ሊትር ሊወስድ አይችልም። ደግሞም ፓምፑ ቢሆን ከተማ ውስጥም ይጎድል ነበር።

ማንም ዞር ብሎ ያላየውን የራዲያተሩን ክዳን አነሳ። የክዳኑን የውስጥ ጎማ በጥፍሩ ነካው፤ ደርቆ ጠርዙ ተሸራርፏል። ክዳኑ ራሱ የሚፈተንበት መገናኛ አለ፤ በዚያ ከእጅ ፓምፑ ጋር አገናኝቶ ነፋ። ላዩ ላይ የተጻፈው 0.9 ነው። መርፌዋ 0.3 ስትደርስ ክዳኑ ፍስስ ብሎ ለቀቀ። ደገመው። 0.3። መሃል ላይ ያለችውን ሁለተኛዋን ትንሽ ቫልቭ በጣቱ ሊስብ ሞከረ፤ ዝጋ ተጣብቃለች። ከአንገቱ ወደ ፕላስቲኳ የሚሄደውን ቀጭን ጎማም ነቅሎ አጠፈው፤ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል።

«መምህር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?»

አቤት፣ የመምህር ፊት ያን ጊዜ! አርባ ተማሪ ፊታቸው የተቀመጠ መሰላቸው። «በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል» አሉ። «እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ስለዚህ 91 ቢሆን ነው። ጣርማ በር ላይ ከ90ም ዝቅ ሊል ይችላል። ሸዋ ሮቢት 96 ገደማ። ባሕር ዳርቻ፣ ምፅዋ ላይ በሉት፣ 100።» ቆም አሉና፣ «ለዚህም ነው ባቄላ እዚህ ከቆላው ይልቅ በማገዶ የሚጨርሰን» ብለው ጨመሩ።

«ሞተርዎስ የሚሠራው በስንት ነው? ቴርሞስታት ቢኖራት በ82 ይከፈታል፤ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲገፏት ውሃው 95 ይደርሳል፤ ቴስታታው ውስጥ የጭስ መውጫ ቫልቮቹ አጠገብ ደግሞ ከዚያም በላይ። ክዳኑ 0.9 ባር ቢይዝልዎ ኖሮ ጣርማ በር ላይም ውሃው ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም ነበር። የርስዎ ክዳን ግን 0.3 ላይ ይለቃል። በጋለው ብረት ዙሪያ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቦታ ሲሻ ደህናውን ውሃ ገፍቶ በክዳኑ በኩል ያስወጣዋል። ፕላስቲኳ ትሞላለች፣ የተረፈው መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ እርስዎ እየነዱ ስለሆነ ጠብታውን አያዩትም። ሲበርድ ሞተሩ ውሃውን ከፕላስቲኳ መልሶ መምጠጥ ነበረበት። ግን ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃለች፣ ጎማውም ተሰንጥቋል፤ ውሃ በመሳብ ፈንታ አየር ይስባል። ለዚህ ነው ፕላስቲኳ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ጎዶሎ የሆነው።»

«ታዲያ መርፌው ወጥቶ አይደለም ውሃው የጎደለው» አሉ መምህር ቀስ ብለው። «ውሃው ወጥቶ ነው።»

«እንደዚያ ነው። መርፌውንም ብዙ አይመኑት። ውሃው ከሴንሰሩ በታች ከወረደ ሴንሰሩን የሚነካው እንፋሎትና አየር ነው፤ መርፌዋ በድንገት ዝቅ ትላለች፤ ሰውም ‹በረደላት› ብሎ ይነዳና ሞተሩን ያቃጥላል።»

ልጁ እጁን አወጣ፤ ጥያቄ አለው። «ጋሼ፣ ታዲያ 1.1 የሚለውን ክዳን ብንገጥምላት አይሻልም?» አለቃ ሳቀ። የዚች መኪና ራዲያተር የመዳብና የነሐስ ነው፣ በብየዳ የተያያዘ፣ ዕድሜ የጠገበ። ሠሪው 0.9 ያለው ያንን አይቶ ነው። ትርፍ ግፊት ካገኘ ብየዳው ወይም የማሞቂያዋ ራዲያተር ይፈነዳል፤ ያኔ ምንጣፉ ይርሳል። ደግሞ በትክክለኛው ግፊትም ቢሆን፣ ለዓመታት በ0.3 የኖረች መኪና 0.9 ሲመለስላት ደካማ ቦታ ካላት ያኔ ነው የምታጋልጠው። ፓምፑን አሁኑኑ የቀየረው ለዚህ ነው።

የተነቀለው ቴርሞስታትም አዲስ ተገዛለት። አለቃ ከመግጠሙ በፊት ሻይ ቤት ሄዶ ድስት ተዋሰ፤ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ሙቀት መለኪያ ጨመረ፣ እሳት አነደደ። 82 አካባቢ የቴርሞስታቱ ቫልቭ እንደ ዓይን ተከፈተ። ልጁ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ይጠብቅ ጀመር፤ ውሃው 91 ላይ ተንተከተከ፤ ቴርሞስታቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ተበላሽቷል?» አለ። አልተበላሸም። ሙሉ ለሙሉ ለመከፈት 95 ይፈልጋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ክዳን በሌለው ድስት 95 የሚባል ውሃ የለም። መምህር በዚህ ነገር ከልባቸው ተደሰቱ፤ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው ደጋግመው አዩት።

ውሃውን ግማሽ በግማሽ ከኩላንት ጋር አቀላቅለው ሞሉት። ተራ ውሃ ብረቱን ያዝጋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ውርጭ በከበደ ሌሊትም ይረጋል፤ ውሃ ሲረጋ ደግሞ ስለሚያብጥ ራዲያተር ይሰነጥቃል። ከአዲሱ ጥቂት ሳህን ላይ ሲፈስ የግቢው ቡችላ ሊልስ ተንደረደረ፤ አለቃ በእግሩ መለሰው። ኩላንት ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭነቱ ነው ክፉ። ጥቂቱ ውሻን ይገድላል፣ ሕፃንንም።

አየሩን ለማውጣት አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቆሟት፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሚኒሞ ላይ እየሠራች ጎማውን ጨመቅ ለቀቅ እያደረጉ ቀስ ብለው ሞሉ። ከዚያ መምህርና አለቃ ወደ ደብረ ሲና ወርደው ተመልሰው ወጡ። መርፌዋ መሃል ላይ። ዋሻውን አልፈው፣ መርፌዋ መሃል ላይ። በማግስቱ በብርዱ ክዳኑ ሲከፈት ራዲያተሩ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው፤ ፕላስቲኳም ምልክቷ ላይ። ክዳን፣ ቀጭን ጎማ፣ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ ኩላንት፤ የሁሉም ዋጋ ተደምሮ አዲስ አበባ ከተቆረጠላቸው ሩብ አልሞላም።

ወሬ መቼም አይታሰርም። መምህር የሆነውን ሁሉ ለጎረቤት ተናገሩ፤ ጎረቤት ለጎረቤት፤ ሲዞር ሲዞር አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጆሮ ደረሰ። እሷም በቪትዟ መጣች፣ ቅዳሜ ከሰዓት።

«ጋሼ፣ ውሃ ትጨርሳለች። ክዳኑን ብቻ ቀይርልኝ።»

«ቆማ ስታድር ነው ስትሄድ፣ ልጄ?»

«አላውቅም። ቀይ መብራት በራብኝ።» ቪትዟ የሙቀት መርፌ የላትም፤ ሲበርድ ሰማያዊ፣ ሲያቃጥል ቀይ መብራት ነው ያላት፤ በመሃሉ ያለውን አትናገርም።

አለቃ ቪትዟንም አሳደራት። ጠዋት ክዳኑን ገጥሞ ሲያስነሳት ላይኛው ጎማ ገና ሳይሞቅ በእጁ ውስጥ እንደ ዱላ ደነደነ። ጭስ ማውጫዋ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ በብርድ ጠዋት ይህ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ሞተሩ ግሎም ሲቀጥል ግን ነገር ነው። ቀጠለ። ሰማያዊው ፈሳሽ መጣ፤ ኳሷ ጥቂት ጊዜ ሳትጨመቅ ፈሳሹ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ቢጫ ሆነ። ረዳቱ ወደ አለቃ አየ። በዚህ ጊዜ አልጮኸም።

«ይህኛው ይወርዳል» አለ አለቃ።

ልጅቱ አላመነችም። «የመምህር መኪና እኮ ክዳን ነበር አሉ።»

ሰኞ ዕለት ቡሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል በየተራቸው እያላላ ቴስታታውን አወረደው፤ አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ሌላውን ቢይዝ ራሱ ያጣምመዋል። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሲሊንደር አጠገብ ጓርኒሲዮኑ ላይ ጠቆር ብሎ የተቃጠለ መስመር ወደ ውሃ መተላለፊያው ይሄዳል። ቴስታታውን አጥቦ ቀጥ ያለ የብረት መስመሪያ በዲያጎናል ጣለበትና ከሥሩ ስስ የብረት ቅጠሎችን ማስገባት ያዘ። ቶዮታ ለብዙ ሞተሮቹ የሚፈቅደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። የ0.10ኛዋ ቅጠል መሃል ላይ ሳትከለከል ገባች፤ ልጅቱን ጠርቶ የእሷንም እጅ ይዞ አስገባት፣ አሳያት።

ረጅም ጊዜ ቅጠሏን አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ «እሺ፣ ቶርኖ ቤት ውሰዱት» አለች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ክዳኑንም ግን ቀይርልኝ።»

«እሱንማ ትናንትና ፈትኜዋለሁ» አለ አለቃ፣ «1.1 የሚለው 0.6 ላይ ነው የሚለቀው። ይቀየራል።»